በተኛሁባቸው ኪሎ ሜትሮች ጉዳይ

ለተከበሩ የሰው ኃይልና ክፍያ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ ጀማሪ የጥንድ ሹፌር ባልደረባዬ ብቁ ከሆነችበት ቀን ጀምሮ የነዳችው መንገድ በራሷ ስም እንዲያዝላትና ከእኔ ክፍያ እንዲቀነስ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በድርጅታችን የሠላሳ አራት ቁጥር ተሳቢ መኪና ነባር ሹፌር ነኝ። ስምሪት ክፍል ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ «ሬዲዮ» ብለው ቢያስጠሩ ያገኙኛል። ስሙ ለምን እንደወጣልኝ ይህ ማመልከቻ ሳያልቅ ይገባዎታል ብዬ እፈራለሁ። ፊደሌ እዚህም እዚያም ስለሚንገዳገድ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተንገዳገደበትን ምክንያት መጨረሻው ላይ አስቀምጨዋለሁ።

2. ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ሥራዬን እንደምወድ ይታወቅልኝ። አሥራ አንድ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ሕዝብ ሁሉ ሲሄድ እኔ «መልካም መንገድ» እያልኩ እዚያው ቀረሁ። ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ ፀጉር አስተካካዩ ባለቤቴ «ሰው በዚህ ዕድሜው መነጽር ይገዛል እንጂ መንጃ ፈቃድ ያወጣል?» እያለ ሲስቅብኝ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መሪ ጨብጬ ከግቢው በር የወጣሁ ቀን አልቅሻለሁ። ዛሬም ዳገቱን ጨርሼ ሜዳው ከፊቴ ዘርጋ ሲል ብቻዬን እስቃለሁ። ይህን ያነሳሁት ለመመጻደቅ ሳይሆን ጥፋቴ የተወለደው ከዚሁ ደስታ ስለሆነ ነው።

3. ደንቡን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሆኖም ደንብ ወረቀት ላይ ሲሆንና ጋቢና ውስጥ ሲሆን መልኩ ይለያልና እኛ ጋ እንዴት እንደሚታይ ላስረዳ። በጥንድ ስንሠራ አንዳችን ስንነዳ ሌላችን ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ እንተኛለን። መኪናው ነዳጅ ለመቅዳትና አፍ ለማሟሸት ካልሆነ አይቆምም። ክፍያው በኪሎ ሜትር ነው። አዲስ ሹፌር ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት «በትምህርት ላይ» ስለሚባል የቀን አበል ብቻ ይቀበላል። እሱ የነዳው መንገድ በሙሉ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ያስተምራል ለተባለው ነባር ሹፌር ይያዛል። ከዚያ ወዲያ የነዳውን ለራሱ ያገኛል፣ እሱም በጀማሪ ተመን ነው። ከነባሩ እኩል የሚሆነው ዓመት ሲሞላው ነው። የጀማሪ ደመወዝ እንግዲህ ይህ ነው። በግቢያችን በር ላይ በተለጠፈው የቅጥር ማስታወቂያ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው አልልም፤ የጀማሪ ግን አይደለም። ጀማሪ ይዞ የሚሄድ ነባር ሹፌር በጥሩ ወር የሚያገኘው ነው። የእኔ ነው ማለት ነው።

4. በዚሁ ደንብ ውስጥ አንዲት ጠባብ በር አለች። ጀማሪው ሠላሳ ቀን ከሠራ በኋላ ነባሩ ሹፌር «ብቻውን መንዳት ይችላል» ብሎ ከፈረመለት ትምህርቱ በዚያው ያበቃል፤ ከዚያች ቀን ወዲህ የነዳው የራሱ ይሆናል። ይህችን በር የከፈተ ነባር ሹፌር ግን እስከዛሬ አላየሁም። ልማዱ «ዘጠናዋን ማስጨረስ» ይባላል። እኛ ስንጀምር ዘጠናዋን ጨርሰናል፣ እነሱም ይጨርሱ ነው ነገሩ፤ አማቷ ያንገበገበቻት ሴት ራሷ አማት ስትሆን እንደምትብሰው ማለት ነው።

5. ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጀማሪ ተመደበልኝ። ቀድሞ መጋዘን ጠባቂ የነበረ፣ ከስንት አንዴ የሚናገር ሰው ነበር፤ ለእኔ ለወሬኛዋ የተላከ ጆሮ ነው ብዬ ወደድኩት። የወሩ ክፍያ ሲመጣልኝ ሒሳብ ክፍል የተሳሳተ መሰለኝ። አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት የማን ድካም እንደሆነ ሳልገምት ቀርቼ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነው። ደስ ያለው ሰው ጥያቄ አይወድም። በዚያ ገንዘብ ባለሁለት በር ማቀዝቀዣ አወረድኩ፤ የጎደለውን በየወሩ ልከፍል ተስማማሁ። ዘመድ አዝማድ ሊያይ ተሰበሰበ። እኔም በሩን እየከፈትኩ እየዘጋሁ፣ ውስጡ መብራት ቦግ ሲል ለሁሉም እያሳየሁ፣ «ይኼ እኮ የአንድ ወር ነው! ያውም ተኝቼ የሠራሁት!» አልኩ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ ቀልድ እስከዛሬ አልተመለሰችልኝም።

ከሳቁት መካከል የባለቤቴ ታናሽ እህት ነበረች።

6. ይህች ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በሸሚዝ ስፌት አዳራሽ ውስጥ ኮሌታ እየሰፋች ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ! እጅጌ እንኳ አልደረሳትም። ማቀዝቀዣውን ባየች ማግሥት ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተለጠፈ ቤቴ መጣችና «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጀማሪ ስንት ያገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቀጥ ያለ ነበር። እኔም ስለ ተራራው፣ ከበታችን ስለሚቀረው ደመና፣ ጡሩንባ ስናሰማ መንገድ ዳር ቆመው ስለሚያጨበጭቡት ልጆች፣ ሴት ከጋቢና ስትወርድ ሲያዩ አፋቸውን ስለሚይዙት ጫኝና አውራጆች አወራሁላት። ስለ ማቀዝቀዣውም ደገምኩላት። «አንቺ ብቻ ግቢ እንጂ ሌላው ይመጣል» አልኳት። የጠየቀችኝን አንዲቷን ነገር ትቼ ሁሉንም ነገርኳት።

ቤቷ ያለውን የራሷን የልብስ ስፌት መኪና ሸጣ መንጃ ፈቃዱን አወጣች። ከእኔ ጋር እንድትመደብም ስምሪት ክፍል ሄጄ የለመንኩት እኔው ነኝ። ስትሠራ ልጆቿ እኔ ቤት ናቸው፤ ያንን ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ሲከፍቱት ሲዘጉት ይውላሉ አሉ።

7. ስለ ችሎታዋ የምሰጠው ምስክርነት እነሆ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደ ደንቡ ከጎኗ ተቀምጬ አስተምሬያታለሁ፤ ለዚያ የተያዘልኝ ይገባኛል እላለሁ። ኮሌታ የሰፋ እጅ መሪ ላይ አይቸኩልም፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ ስታስገባ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ይመስላል። ወሯ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሹፌር ሁሉ «ንስሐ» ብሎ የሚጠራት ረጅም ቁልቁለት አናት ላይ ልንደርስ ጥቂት ቀረን። ስሙ የወጣላት እሷን ሲወርድ የማይጸልይ ስለሌለ ነው። እኔ እስክንደርስ ትንሽ ልጋደም ብዬ ወደ አልጋዋ አለፍኩ። እንግዲህ ይህን ይመዝግቡልኝ፦ እኔ የባለቤቴ ጓደኛ በቤት መኪና ገበያ ሲያደርሰን እንኳ የሌለ ፍሬን በእግሬ የምረግጥ ሰው ነኝ። በሰው እጅ በሚነዳ መኪና ቁልቁለት ላይ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም።

ስነቃ ሜዳ ላይ ነን። እሷ ከንፈሯን ገጥማ እያንጎራጎረች ነው። «ንስሐን መቼ ነው የምንወርዳት?» አልኳት። «አንቺ ስታንኮራፊ ወረድናት እኮ እትዬ! ሞተሩን ላዳምጥ ብል በየት በኩል፣ ሁለት ሞተር ነው ይዤ የወረድኩት» አለችኝ። ነዳጅ ማደያው ስንደርስ ወርጄ እጄን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋሁ። ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሹፌር ጎማው እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ የሚሸት ነገርም አለው። የእሷ ለብ ያለ ብቻ ነበር፤ በከባድ ማርሽ፣ በትዕግሥት ነው ያወረደችው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሹፌር ናት። ፈታኝ አያስፈልግም፤ ፈታኟ ተኝታ ነበር።

8. ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። ለመፈረም ስምሪት ክፍል ሄጄ ብዕር አነሳሁ። የስምሪት ሠራተኛው፣ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎት፣ ለእኔ ያሰበ መስሎት «ሬዲዮ፣ ምን ነካሽ? ዘጠናዋን አስጨርሻት እንጂ! ደግሞስ የቤተሰብ ገንዘብ ከቤት የት ይሄዳል?» አለኝ። የማቀዝቀዣው ዕዳም ገና አላለቀም ነበር። ብዕሩን አስቀመጥኩ። እጄን የያዘኝ ሰው እንዳልነበረ በግልጽ እንዲሰፍር እሻለሁ፤ በእሱ ላይ ምንም ዓይነት እርምጃ እንዳይወሰድም እለምናለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ በደረስንበት ማራገፊያ ሁሉ «ከጎኗ ተቀምጬ አስተምሬያለሁ» እያልኩ ፈርሜያለሁ። ላስተምር የተቀመጥኩበት ጊዜ የለም። ተኝቼ ነበር፤ ጥሩ እንቅልፍም ነበር።

9. እሷ ስለዚያች ጠባብ በር የሚነግራት አልነበረም። ዘጠናው ቀን ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ተራዬ ደርሶ ዓይኔን እያሸሁ በወጣሁ ቁጥር «እሺ እትዬ፣ ዛሬ በሕልምሽ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳሽ?» ትለኛለች። በክፋት አይደለም፣ ሳቋ ንጹሕ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እኔ ግን የምስቅበት ጥርስ እያጣሁ መጣሁ።

የሁለተኛው ወር ክፍያ የገባ ዕለት መንገድ ዳር ሻይ ቤት አረፍን። እኔ እንቁላልና ዳቦ አዘዝኩ፣ እሷ ሻይ ብቻ። «ብዪ እንጂ» ብላት «ጠግቤአለሁ፣ ሆዴን ነፋ አድርጎኛል» አለች። አስተናጋጁ የእኔን ሰሃን ሊያነሳ ሲል ግን የተረፈውን ዳቦ ወደ ራሷ ሳበችው። አይቼ እንዳላየሁ ወደ መንገዱ ዞርኩ። እሷም ዳቦውን እየቆረሰች፣ ልክ ስለ አየሩ እንደምታወራ፣ ስፌት አዳራሹ ወንበሯን እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚያቆይላትና ልትመለስ እንዳሰበች ነገረችኝ። «መንገዱን ወድጄዋለሁ እትዬ፣ እውነቴን ነው። ልጆቼ ግን መንገድ አይበሉም» አለችኝ።

10. በማግሥቱ፣ እሷ እየነዳች እኔ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ስለ ሠላሳኛው ቀን ነገርኳት። ለወትሮው ለአንድ ወሬ አሥር ማዞሪያ የማላጣ ሴትዮ፣ ያን ዕለት በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረስኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስድቡንም ፈልጌው ነበር። ማርሽ ቀየረች፣ መስታወቷን አየች፣ አንድ የጭነት መኪና አሳለፈች። ከዚያ «እኔ እኮ ጀማሪ ስንት ያገኛል ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አለችኝ።

ገንዘብ በእጇ ልሰጣት ሞከርኩ። «ከእጅሽ ከተቀበልኩ የወንድሜ ሚስት ረዳችኝ ነው የሚባለው። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ በስሜ ይምጣ» ብላ መለሰችልኝ። ለባለቤቴ ብነግረው መቀሱን አስቀምጦ «አንቺ ሴት፣ ደስታሽ ሰው ያስከፍላል» አለኝ። ደንበኛው ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ግማሹን ይዞ ሁለታችንንም በመስታወት ውስጥ ያየን ነበር።

ከዚያ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። ሒሳብ ሠራተኛዋ «እናቴ፣ ሰው ጨምሩልኝ ብሎ ይመጣል እንጂ ቀንሱልኝ ብሎ ይመጣል?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን የምፈርመው ፊርማ ከመጪው ወር ጀምሮ ወደፊት ብቻ እንደሚቆጠር፣ ወደ ኋላ ለመቁጠር ግን የእርስዎ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስረዳችኝ። የወደፊቱን ትናንት ፈርሜያለሁ። ስለ ኋላው ነው እግርዎ ሥር የመጣሁት። የእሷ ወንበር ወሩ እስኪያልቅ ነው የሚጠብቃት፤ መጪው ወር ሲገባ የሚቆጠርለት ሰው ወደ ኮሌታው ከተመለሰ ፊርማዬ ለማን ይሆናል?

11. በመሆኑም ክቡር ኃላፊ፣

ሀ. የባለቤቴ እህት ከሠላሳኛው ቀን ጀምሮ ብቁ ሹፌር እንደነበረች ተቆጥሮ፣ ከዚያ ወዲህ የነዳችው መንገድ ሁሉ በስሟ እንዲያዝላት፤ ለእኔ የተከፈለኝም ከደመወዜ እንዲቆረጥ እለምናለሁ። በአንድ ጊዜ ቢቆረጥም ግድ የለኝም። ማቀዝቀዣውን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ የወደደው መብራቱን አይቶ ነው።

ለ. ወደ ኋላ መቁጠር ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ፣ እኔን ለዚያው ያህል ጊዜ በጀማሪነት መዝግባችሁ እኔ የምነዳው ለእሷ ይያዝ። እንዲህ ያለ አሠራር እንደሌለ አውቃለሁ። ለተኛ ሰው የሚከፍል አሠራር ካለ ግን ይኼኛውም አይጠፋም ብዬ ነው።

ሐ. በበሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ የጀማሪውን ክፍያ በጀማሪው ልክ እንዲናገር፦ ሦስቱን ወር አበል ብቻ እንደሆነ፣ የሚነዳው ለሌላ እንደሚያዝ፣ ሠላሳኛው ቀን ላይ በር እንዳለች፣ ከዚያ በኋላም ዓመት እስኪሞላ ተመኑ ዝቅ እንደሚል። ሰው አውቆ ከገባ ሥራው ሰውን የሚያባርር አይደለም፤ መልካም ሥራ ነው። ከተፈቀደልኝም በምዝገባ ቀን መጥቼ ለአዲሶቹ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ሬዲዮ አይደለሁ? አሁን ትክክለኛውን ዜና ላሰማ። ተራራውን የማነሳው ክፍያውን ተናግሬ ስጨርስ ነው።

መ. ሐሰት በመፈረሜ ቅጣት ካለብኝ እቀበላለሁ። ቅጣቱ ግን ከዚህ መኪና የሚያወርደኝ ከሆነ፣ እባክዎ እሷን ብቻዋን አያስቀሯት፤ ደህና ባልደረባ ይመድቡላት።

12. ስለ ፊደሌ መንገዳገድ ቃል የገባሁትን ላብራራ። ይህን የምጽፈው በቀን ብርሃን፣ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ተንጋልዬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። እሷ እየነዳች ነው። ፊደሉ የተንቀጠቀጠው በአስፋልቱ ጉድጓድ ነው እንጂ በእሷ አይደለም፤ አስተውለው ካዩት ጠመዝማዛው ላይ እንኳ መስመሬን አልለቀቅሁም። የመጪው ወር ፊርማዬ እስኪሠራ ድረስ ይህም መንገድ በእኔ ስም እየተቆጠረ ነው፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እንኳ ተቆጥሯል።

ከነገርኳት ቀን ወዲህ እዚህች አልጋ ላይ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። የእሷን አነዳድ ፈርቼ እንዳይመስልዎ። ከፊታችን ንስሐ አለች፤ ጭነታችን ሙሉ ነው፤ ዝናብም ያስፈራራል። ቅድም መጋረጃውን ገልጣ «እትዬ፣ ልቁም? ትነጂያታለሽ?» ብላ ጠይቃኛለች። «አንቺ ውረጃት» ብያታለሁ። ነባር ሹፌር ስለ ጀማሪ ሊሰጥ የሚችለው ማረጋገጫ ወረቀት ላይ የሚፈረመው ብቻ አለመሆኑን ይረዱልኝ። አሁን ብዕሬን አስቀምጬ እተኛለሁ።

አክብሮቴንና የጋቢናችንን ሰላምታ ያቀረብኩ፣

(ፊርማ)
የሠላሳ አራት ቁጥር መኪና ነባር ሹፌር፣ «ሬዲዮ»